በጨንቻ ዳገት ላይ የበራችው ቢጫ መብራት

ባለፈው ክረምት መግቢያ አምስት ሆነን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወጣን። መኪናይቱ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራች፥ አውሮፓ አገልግላ ወደ አገራችን የገባች ቶዮታ ኮሮላ። ከሲቀላ ተነሥተን በሶዶው መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ ግራ ታጥፈን ዳገቱን እንደ ጀመርን፥ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት በሹፌሩ ፊት ቦግ አለች። ጋሼን ብንጠይቃቸው «ተዋት፥ እሷ እንዲህ ናት፤ ሲሰለቻት ትጠፋለች» አሉን።

ዶርዜ ላይ ቆመን ቆጮ በዳጣ በላን፤ አረቄም የቀመሰ አልጠፋም። ከዚያ በላይ ጉሙ ወረደ፥ ብርዱም ጠና፤ መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ጉዞ ቀጠልን። ጨንቻ ስንደርስ ሦስታችንን ራሳችንን አሞናል፥ አንዱም ከመኪና ወርዶ አስታወከ። ጋሼ «የቆላ ልጆች! ደጋው ነው» ብለው ሳቁብን፤ እኛም አረቄውን ወቀስን። ገበያውን አንድ ሰዓት ያህል በእግራችን ስንዞር ግን ሕመሙ ቀለል አለን። ከፍታው እዚያው ነበር፤ የራቅነው ከመኪናይቱ ብቻ ነበር። ይህን ያሰብነው ግን ዘግይተን ነው።

አርባ ምንጭ ተመልሰን መኪናይቱ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። እዚያም በኮምፒዩተር ማንበቢያ ቢያዩዋት ሁለት ቁጥሮች ወጡ፤ ፒ0171 እና ፒ0420። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፤ «ካታሊስቷ ሞታለች፤ ሆዷን አውጥተን ባዶ ቱቦ እናድርጋት። የወጣውን እኛው እንገዛዎታለን።» ጋሼ ገንዘብ ሊቀበሉ እንጂ ሊከፍሉ ስላልሆነ በጣም ደስ አላቸው። እኛ የሦስት ቀን ጊዜ ለምነን መጽሐፍ ስናገላብጥ ሰነበትን፤ ያገኘነውን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ይህን ጻፍን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ስለ ጣለ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ያለችውን መኪና አስታምሞ መኖር እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን በሞተር ውስጥ በደንብ እንዲነድ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ሲበዛ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልነደደ ቤንዚን ይወጣል፤ አየሩ ሲበዛ ሞተሩ ይደክማል። በሞተሩና በማርሚታው መካከል የተቀመጠው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፥ ባጭሩ ካታሊስት የምንለው፥ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ በጥቂት ግራም የሚቆጠሩ ፕላቲነም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብተዋል። እነዚህ ውድ ማዕድናት ራሳቸው ሳይነዱ መርዛማውን ጋዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ወደ ውሃና ወደ ናይትሮጅን ይለውጡታል። ጋራዡ «እንገዛዎታለን» ያለውም ሸክላውን ወድዶ አይደለም።

ካታሊስቱ ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ሚዛኑ በዚያ 14.7 አካባቢ ሲጠበቅ ብቻ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ኦክሲጅን ሴንሰር ነው፤ የመጀመሪያው የንግድ መኪና ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በቦሽ ተሠርቶ በቮልቮ ላይ ተገጠመ። በጭስ መውጫው ውስጥ ጫፉን አስገብቶ የተረፈውን ኦክሲጅን ይቀምሳል። ኦክሲጅን ከበዛ 0.1 ቮልት ያህል፥ ካነሰ 0.9 ቮልት ያህል ለኮምፒዩተሩ ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም በዚያው መሠረት ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ጤነኛ ሴንሰር አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከላይ ታች፥ ከታች ላይ ሲል ይውላል። እንደ ጋሼ መኪና ባሉት ላይ ሁለተኛ ሴንሰር ከካታሊስቱ በኋላ አለ። የዚህ ሥራ ካታሊስቱን መሰለል ነው፤ ካታሊስቱ ደኅና ከሆነ የኋለኛው ረጋ ብሎ ይቀመጣል፥ ከደከመ ግን የፊተኛውን ዝላይ እየተከተለ ይዘላል። ፒ0420 ማለት «የኋለኛው እንደ ፊተኛው እየዘለለ ነው» ማለት ነው እንጂ «ካታሊስቱን ጣለው» ማለት አይደለም። ፒ0171 ደግሞ «አየር በዛብኝ» የሚል አቤቱታ ነው።

ከዳገቱም የሚመጣ ነገር አለ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፥ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ በዚያች አጭር መንገድ አየሩ በስድስተኛ እጅ ያህል ይሣሣል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቡራቶር ያላቸው የድሮዎቹ መኪናዎች ጨንቻ ሲደርሱ ቤንዚን በዝቶባቸው ጥቁር ጭስ የሚተፉት ልማዳቸውን የሚያርምላቸው ሴንሰር ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ የዳገት ድካም ሁሉ በሽታ አይደለም። በሽታው የሚታወቀው መኪናይቱ ወደ ቆላ ተመልሳም ስትደክም፥ ወይም እንደ ተዘጋ አፍንጫ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አልሄድም ስትል ነው፤ ይህ የኋለኛው የቀለጠ ካታሊስት ጭሱን እንደ ዘጋ ያሳያል። በቀዘቀዘ ጊዜ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ቢመቱትና እንደ ጽናጽል ቢንኳኳ ሸክላው ተሰብሯል።

በሦስተኛው ቀን አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄድን። እኚህ ሰው ማንበቢያውን ከመንካታቸው በፊት ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥተው፥ የጭስ መውጫውን ጫፍ በጨርቅ ጥቂት አፈን አድርገው አዳመጡ። ከሞተሩ በታች፥ የመጀመሪያው ሴንሰር ከመድረሱ በፊት ባለው መጋጠሚያ «ትስ ትስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። በመንገዱ ድንጋይ ተመትቶ ጋስኬቱ ተቀዷል።

ያች ቀዳዳ ያደረገችውን ስንረዳ ደነገጥን። ጭስ የሚወጣው እየተገፋ፥ በመካከሉም እየተሳበ ነውና በቀዳዳዋ ንጹሕ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ያንን አየር ቀምሶ «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ይዋሻል፤ ዋሸ እንበል እንጂ የቀመሰውን ነው የተናገረው። ኮምፒዩተሩ አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። ያልነደደው ቤንዚንና የሰረገው አየር አብረው ካታሊስቱ ውስጥ ገብተው ይነዳሉ፥ ሸክላው ከልክ በላይ ይግላል፥ ቀስ በቀስም ይሞታል። እንግዲህ ሁለቱም ቁጥሮች ከአንዲት ጋስኬት የተወለዱ ነበሩ። ሆዱን ቢያወጡት ኖሮ ቀዳዳዋ በቦታዋ ትቀር ነበር።

የኛስ ራስ ምታት? በዚያች መጋጠሚያ የሚወጣው ጭስ ገና ካታሊስቱ ዘንድ አልደረሰም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንዳለ ነው፥ ያውም ቤንዚን በዝቶ የበለጠ። መካኒኩ በፍሪሲዮኑ ፔዳል አጠገብ በወለሉ ላይ የተቀደደች ጎማ አሳዩን፤ ጋዙ የገባው በዚያ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። በጉም ውስጥ መስኮት ዘግቶ የሚወጣ ሰው ሕመሙን ለደጋው፥ ማስታወኩን ለአረቄው ይሰጣል። ሹፌራችን እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት እንደ ነበር የነገረን ያን ጊዜ ነው። የጨንቻን ጠመዝማዛ ገደል የሚያውቅ አንባቢ የቀረውን ያስበው።

መካኒኩ አዲስ ጋስኬት አስገቡ፥ ጎማዋን ቀየሩ፥ ካንዴላዎቹንም አወጡና አንዱ ስለ ጠቆረ አራቱንም ለወጡ። ካንዴላ የማይተኩስበት ሲሊንደር ቤንዚኑን እንዳለ ወደ ካታሊስቱ ይልካልና። መኪና ገፍቶ ማስነሣትም በዚሁ ምክንያት ለካታሊስት ጠንቅ ነው፤ እኛ ግን ከመግፋት በቀር ምን ስፖርት አለን? መጋጠሚያ በማንኛውም ሲሊኮን መለጠፍም ኋላ ያስከፍላል፤ የአንዳንዱ ሲሊኮን ትነት የሴንሰሩን ጫፍ ያሳውረዋል። ዘይት የሚበላ ሞተርም እንዲሁ ሁለቱንም በአመድ ይሸፍናቸዋል። የቀድሞው ትልቁ ገዳይ በቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ነበር፤ እሱ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በ1998 ዓ.ም. አበቃ፥ በዓለምም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2013 ዓ.ም. ተወችው።

ሴንሰሩስ ራሱ ይሞታል ወይ? ይሞታል። ሥራ የሚጀምረው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል ስለሆነ በውስጡ ማሞቂያ ሽቦ አለው፤ ሽቦው ሲበጠስ ፒ0135 የሚል ቁጥር ይወጣል፥ ይህም በመልቲሜትር በቀላሉ ይለካል። ጫፉ ያረጀ እንደ ሆነ ዝላዩ ይዘገያል፤ ቤንዚን ፍጆታውም ይጨምራል። ማሞቂያ ያለው ሴንሰር 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሊያገለግል ይችላል። ሲፈቱት ቱቦው ሞቅ ባለ ጊዜ፥ ዘይት ጠጥቶ ያደረ ይሁን፤ አለዚያ ጥርሱ ተበልቶ ይወጣል። ሁለቱን ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ ግዙ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ግን መጀመሪያ «ቀዳዳ ፈልገሃል ወይ?» በሉት።

ከጥገናው በኋላ መብራቷ ጠፋች፤ በወሩ ግን ፒ0420 ብቻውን ተመልሶ መጣ። ካታሊስቱ በዚያ ሁሉ ግለት ተጎድቷል፤ የኋለኛው ሴንሰር አሁንም ጥቂት ይዘላል። ጋሼ «ታዲያ ያ ጋራዥ እውነቱን ነበር» አሉን፥ በከፊልም አልተሳሳቱም። ቢሆንም ግማሽ ጉልበት ያለው ካታሊስት ከባዶ ቱቦ ይሻላል፤ ከኋላችን ድር ተሸክመው ዳገቱን በእግር የሚወጡት ሰዎች የሚተነፍሱት የኛን ጭስ ነው። ሌላ እስኪገዙ ድረስ እንዲቆይ ተስማማን፤ ጋሼም የጋራዡን ሰው ስልክ ደውለው «አልሸጥም» አሉት።

በጥቅምት ሁለተኛ ጊዜ ጨንቻ ወጣን። ጉም ነበረ፥ መስኮቱም ተዘግቶ ነበር፥ ዶርዜ ላይም አረቄው ቀረበ። ራሱን ያመመው ሰው አልነበረም። መኪናይቱን ስናቆም ጋሼ ከደረቀ ሣር ላይ ራቅ አድርገው አቆሟት፤ የጋለ ካታሊስት ሣር እንደሚያቀጣጥል ነግረናቸው ነበርና።