የደም ሥር ጥበትና ኢንዛይም ገቺ መድኃኒቶች

አተሮስክለሮሲስ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ስብ እየተጠራቀመ ሥሩን የሚያጠብና የሚያደድር ሕመም ሲሆን፣ ክምችቱ በድንገት ሲቀደድ በላዩ ላይ የሚረጋው ደም ወደ ልብ ወይም ወደ አንጎል የሚሄደውን መንገድ ይዘጋል። ይህን ሂደት ለማስቆም ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ኢንዛይሞችን፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን፣ ለመግታት ሲጥሩ ቆይተዋል።

የመጀመሪያው ድል የተገኘው ከሻጋታ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ደቂቅ ፍጥረታትን ከመረመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ፔኒሲሊየም ሲትሪነም ከተባለ ሻጋታ፣ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር አገኙ። ጉበት የራሱ ምርት ሲቀንስበት በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ኮሌስትሮል አብዝቶ ስለሚስብ፣ ከዚህ ግኝት የተነሡት ስታቲኖች በደም ውስጥ ያለውን መጠን ዝቅ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነውና 4,444 የልብ ሕሙማን በተሳተፉበት የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ ሲምቫስታቲን የተባለውን ስታቲን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

በዚህ የተበረታቱ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ስብ ክምችቱ ራሱ አዞሩ። በዚያ የሚሰፍሩት ነጭ የደም ሴሎች ኤል.ፒ.-ፒ.ኤል.ኤ.2 የተባለ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ይህም የተበላሸ ስብን ሲሰብር ብግነት የሚያባብሱ ውሁዶች ይወጣሉ፤ የኢንዛይሙ መጠን ከፍ ባለባቸው ሰዎችም ድንገተኛ የልብ ሕመም በዝቶ ታይቷል። ዳራፕላዲብ የተባለው መድኃኒት የተሠራው ይህን ኢንዛይም ለመግታት ነበር፤ ገታውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመውና በ39 አገሮች 15,828 ሕሙማንን በያዘው ሙከራ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም በእነዚሁ ሳቢያ ሞት የደረሰባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 9.7 በመቶ፣ የማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት 10.4 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነበር። ብዙዎች ግን በተቅማጥ፣ እንዲሁም በሰገራቸው፣ በሽንታቸውና በቆዳቸው መጥፎ ጠረን ተቸግረዋል። 13,026 ሰዎች የተሳተፉበት ሁለተኛ ሙከራም ከዚህ የተሻለ ውጤት አላስገኘም።

መልሱ ቀደም ሲል በተፈጥሮ ተቀምጦ ነበር። በምሥራቅ እስያ በዘር በወረሱት ለውጥ ምክንያት ይህ ኢንዛይም የማይሠራላቸው ብዙ ሰዎች ይኖራሉ፤ ኢንዛይሙ የሕመሙ መንስኤ ቢሆን ኖሮ እነርሱ ከልብ ሕመም በጉልህ መጠበቅ ነበረባቸው፤ በቻይና የተካሄደ ሰፊ የዘረመል ጥናት ግን ይህን አላገኘም። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሕመሙ ባለበት ሁሉ የሚታይ ምልክት እንጂ ምንጩ አይደለም ማለት ይቻላል። ወደፊት እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚቀምሙ ሁሉ፣ በእምነት ራሳቸውን ለሙከራ የሚሰጡ ሕሙማንን በሺዎች ከመመዝገባቸው በፊት፣ ይህን መሰል የዘረመል ማስረጃ አስቀድመው ሊመረምሩ ይገባል።