ድሮኑን ከማስነሳታችን በፊት

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ልጆቻችን አበባየሆሽ ሲሉ ከላይ ሆኖ የሚቀርጽ ድሮን ላመጣ ቃል ገብቼ ነበር። በዋዜማው ማታ ባትሪ ስሞላ የ14 ዓመቷ ልጄ፣ «አባዬ፣ ፈቃድ አለህ?» አለችኝ። «ገንዘብ አልቀበል፣ ለመዝናኛ ነው» አልኳት። «ቪዲዮው ለትምህርት ቤቱ ገጽ ከሆነ መዝናኛ ነው እንዴ?» ብላ አፋጠጠችኝ። ሳጣራ እውነቷን ነው። በማግስቱ ድሮኑ ቤት ቀረ፣ እኔም ብዙዎቻችሁን አሳዘንኩ።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚያየው ክፍያውን ሳይሆን የበረራውን ዓላማ ነው። ለራስ መዝናኛ ካልሆነ፣ በነጻም ቢሆን፣ «ፓርት 107» የሚባለው ደንብ ይመለከተዋል። ሠርግ መቅረጽም፣ የሚሸጥ ቤት ፎቶ ማንሳትም፣ ለትምህርት ቤት ድረ ገጽ ጨዋታ መቅረጽም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ለፈቃዱ ዕድሜ ቢያንስ 16 መሆን አለበት፤ 60 ጥያቄ ያለውን ፈተና በ70 በመቶ ማለፍም ግድ ነው። ከዚያ በየ24 ወሩ በኢንተርኔት ነጻ ስልጠና አለ። ድሮኑም በ5 ዶላር ለ3 ዓመት ይመዘገባል። «ከ250 ግራም በታች አይመዘገብም» ሲባል የምንሰማው ለመዝናኛ ብቻ ነው የሚሠራው። ከፍታው በመደበኛነት ከ400 ጫማ አይበልጥም፣ ድሮኑም ከዓይን መራቅ የለበትም። በሰው አናት ላይ ማብረር ደግሞ የራሱ ጥብቅ ገደብ አለው።

ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የማታ በረራ ድሮ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ግን የሰለጠነና ከ3 ማይል የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የገጠመ ማብረር ይችላል። በ2024 ደግሞ ድሮኑ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅበት «ሪሞት አይዲ» ቁጥጥር ጀመረ። ስለዚህ አምና የሰማነው ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ለክረምት አገር ቤት የምትሄዱም አስቡበት፦ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ የተያዘ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

አሁን ለፈተናው እያጠናሁ ነው። ልጄ ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ እየመለሰች ትፈትነኛለች፤ ለሷም ለኔም ትምህርት ሆኗል። ድሮን በአማርኛ «ሰው አልባ አውሮፕላን» እንደሚባል ስነግራት፣ «ሰው አልባ ከሆነ ፈቃዱ ለማን ነው?» አለችኝ።

መሬት ላይ ለቆመው ነዋ፣ ልጄ!