የድራፍት ቢራ ጐማና ማያያዣ አያያዝ

ድራፍት ቢራ የሚሸጥ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያወጣው በርሜሉን ለመግዛት ነው፤ ገንዘቡ የሚመለስለት ግን በርሜሉን ከመቅጃው ጋራ በሚያገናኘው ጐማ በኩል ነው። ከፋብሪካው በመልካም ሁኔታ የወጣ ቢራ በዚህች በጥቂት ሜትር በምትለካ መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ከ50 ሊትር በርሜል አንድ አሥረኛው በአረፋ ቢፈስስ የሚጠፋው 5 ሊትር ነው፤ በ10 በርሜል አንድ ሙሉ በርሜል ይሆናል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ሊያውቀው የሚገባውን ዋና ዋና ነገር ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የብልሽቱ ምክንያት

በጐማው ውስጥ የሚከማቹት ነገሮች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው እርሾና ባክቴሪያ የሚያበጁት ልጋግ የመሰለ ሽፋን ነው። ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ ቢራውን ያኮመጥጡታል፤ አንዳንዶቹ የቅቤ ጣዕም ይሰጡታል፤ አየር በሚያገኘው በመቅጃው አፍ የሚራቡት ደግሞ ወደ ሆምጣጤ ይለውጡታል። ሁለተኛው የቢራ ድንጋይ የሚባለው የካልሲየም ኦክሳሌት ዝቃጭ ነው። ይህም ሸካራ ስለሆነ አረፋ ያበዛል፤ ለባክቴሪያም መደበቂያ ይሆናል።

የጽዳቱ ሥርዓት

1ኛ/ በየ14 ቀኑ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን ለብ ያለ ውሃ (ከ27 እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) ለ15 ደቂቃ በፓምፕ በጐማው ውስጥ ማዘዋወር፤ ፓምፕ የሌለው ለ20 ደቂቃ ሞልቶ ማቆየት፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ አጥርቶ ማጠብ።

2ኛ/ በዚያው ቀን መቅጃውን ፈታትቶ በብሩሽ ማጠብ።

3ኛ/ በየ3 ወሩ ለዚሁ በተዘጋጀ አሲድ ማጠብ፤ የቢራ ድንጋይ በኮስቲክ ሶዳ አይለቅምና።

4ኛ/ በበርሜሉ ራስ ላይ የሚገጠመውን ማያያዣ ቢያንስ በየ6 ወሩ ፈታትቶ ማጽዳት።

5ኛ/ ተራውን የፕላስቲክ ጐማ በየዓመቱ መለወጥ።

ማናቸውንም ማያያዣ ከመፍታት በፊት ጋዙን መዝጋትና ግፊቱን ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስስም፤ ሠራተኛውም ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ። በረኪናና አሲድ ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይወጣቸዋልና።

ስለ ጎሚኒና ስለ ግፊት

በማያያዣዎቹ መካከል ያለው ጎሚኒ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ጋዝም ቢራም ያፈስሳል። በዚህ ጊዜ በመፍቻ አብዝቶ ማጥበቅ ጎሚኒውን ያደቅቀዋል እንጂ አያድነውም፤ መለወጥ ይሻላል። ለማለስለሻም ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ የሲሊኮን ቅባት እንጂ የመኪና ግሪስ አይገባም፤ ግሪስ አንዳንዱን ጐማ ያሳብጣል፤ የቢራውንም አረፋ ያጠፋል። ጫፉ የላላ ጐማ ቢኖር ጥቂት ቆርጦ በሙቅ ውሃ አለስልሶ መክተት ነው።

ጋዝ ማፍሰሱን ለማወቅ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው ላይ መቀባት ይበቃል፤ አረፋ ከተነፋ ያፈስሳል። ሳሙናውንም በኋላ በሚገባ ማጠብ ይገባል።

አረፋ የሚበዛው ሁልጊዜ በጐማው ጥፋት አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ባር ያህል ያንሳል። ስለዚህ መመሪያው ለባሕር ጠረፍ በጻፈው ቍጥር ላይ ይህንኑ መጨመር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጋዙ ከቢራው እየተለየ በጐማው ውስጥ አረፋ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ በዝቅተኛ ስፍራ ይተኛል፤ በዓይንም አይታይም። ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው መጠን በአየር ውስጥ 0.5 በመቶ ሲሆን፣ 4 በመቶ ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ነው። በጠባብ ምድር ቤት አንድ የተሰነጠቀ ጎሚኒ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የጋዙ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ በሰንሰለት ታስሮ አየር በሚገባበት ክፍል ይቀመጥ። ሰው ወድቆ ቢገኝ በሩን መክፈትና ረዳት መጥራት እንጂ ብቻን ዘሎ መግባት አይገባም፤ የሚያነሣው ሰውም አብሮ ሊወድቅ ይችላልና።

ባለቤቱ የጽዳቱንና የለውጡን ቀን የሚጽፍበት አንድ ደብተር በመደርደሪያው አጠገብ ቢያኖር፣ ሠራተኛ ቢለወጥ እንኳ ሥራው አይቋረጥበትም።