ለንደን ያልሄዱት የፒያኖ ሊቅ

ወሎን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አራቱን ቅኝቶች ያውቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በመሰንቆና በክራር ሲቃኙ የሰማ የደገኛ ልጅ፣ ስማቸውን ባይጠራ እንኳ ጆሮው ይለያቸዋል። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም የያዙ ናቸው፤ ባቲ ከተማ ናት፤ አምባሰልም በደቡብ ወሎ የሚገኝ አገር ነው። ታላቋ የግሸን ማርያም ደብር የቆመችውም በዚሁ በአምባሰል ምድር ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላው ኢትዮጵያ ምእመናን ወደዚያች መስቀለኛ አምባ ይጐርፋሉ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ወደዚህች አምባ ከወጡት መካከል አንዲት ወጣት ወይዘሪት ይገኙ ነበር። እኚህ ወይዘሪት በስዊስ አገር የተማሩ፣ በካይሮ ከታወቀ መምህር ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ የተለማመዱ ነበሩ። ወደ ግሸን የወጡት ግን የሙዚቃ ስም ለማግኘት ሳይሆን ሙዚቃን ትተው ለመመንኰስ ነው። ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ስማቸው የሚጠራው የፒያኖ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እኒህ ናቸው።

ታሪካቸው ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ በተለይ ሊነገር የሚገባው ነው። በመካከሉ ያለው ጉዳይ ብዙዎቻችን የምንጠብቀው፣ ብዙዎቻችንም የተነፈግነው ነውና፤ እርሱም የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ነው።

የከንቲባ ገብሩ ልጅ

እማሆይ ጽጌ ማርያም በዓለማዊ ስማቸው የውብዳር ገብሩ ይባሉ ነበር። የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በወጣትነታቸው ወደ ውጭ አገር ሄደው የተማሩ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁና የጎንደር ከንቲባ ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እንኳ በሚያነጋግርበት በዚያ ዘመን፣ ከንቲባ ገብሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ አውሮፓ ለትምህርት ላኩ። የውብዳር የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ ተጓዙ። እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ በኋላ ደራሲና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክትሪስ ሆነዋል፤ በ1950 ዓ.ም. በተከፈተውም ፓርላማ የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ለመሆን በቅተዋል።

ትንሿ የውብዳር በስዊስ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጋር ተዋወቁ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ወደ አገራቸው ተመልሰው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ዳሩ ግን ሰላሙ አልቆየም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ወረረ። ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች በጠላት እጅ ተገደሉ፤ የቀሩትም በግዞት ወደ ኢጣሊያ ተላኩ፤ በመጀመሪያ አሲናራ ወደምትባለው ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ። እንግዲህ የውብዳር ከልጅነታቸው ከፊሉን በትምህርት፣ ከፊሉንም በግዞት አሳለፉ ማለት ነው።

በቀን ዘጠኝ ሰዓት

ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ገቡ። በዚያም በቀን አምስት ሰዓት ፒያኖ፣ አራት ሰዓት ደግሞ ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በቀን ስምንት ሰዓት ሠርቶ ደከመኝ ሲል፣ ይህች ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጣቶቿን ስታሠራ መዋሏን ቢያስብ መልካም ነው።

የካይሮ ሙቀት ግን ጤናቸውን ነሣቸው። ስለዚህ ከመምህራቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኮንቶሮቪች የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ የውብዳርም በቢሮ ረዳትነት ተቀጠሩ። ቀን ወረቀት እያገላበጡ ልባቸው ግን ከፒያኖው ጋር ነበር።

የተዘጋው በር

በዚህ ጊዜ ነው ታላቁ ዕድል የመጣው። በለንደን ከሚገኘው ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ የነጻ ትምህርት ዕድል አገኙ። ከስዊስ ጀምሮ የተደከመበት ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ ነበር። ሆኖም ከአገር ለመውጣት የሚያስፈልገው ፈቃድ ተከለከለ። ዘመድም ችሎታም ሞልቶላቸው ሳለ አንዲት ፊርማ ጐደለች።

ወጣቷ ሐዘኑን መሸከም አልቻሉም። 12 ቀን እህል ሳይቀምሱ ሰነበቱ፤ ደክመውም ሆስፒታል ገቡ። እዚያም ሞት የቀረበ ስለ መሰላቸው ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ረጅም እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሲነቁም ልባቸው ጸጥ ብሎ አገኙት። የለንደን ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደቀ። ከጊዜ በኋላ ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ ማንንም ሳይከሱ የፈጣሪ ፈቃድ እንደ ነበረ ይናገሩ ነበር።

ጫማ የሌለበት አሥር ዓመት

ቀድሞ ከእናታቸው ጋር ተሳልመዋት የነበረችውን ግሸንን አሰቡና ለዘመድ ሳይነግሩ ወደ ወሎ ሄዱ። ግሸን ዙሪያዋን ገደል የከበባት አምባ ስትሆን፣ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ የሚጠበቁባት ሥፍራ ነበረች። በቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያረፈባት ናት። ብዙዎች ተገደው የኖሩባት አምባ ላይ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ወድደው ወጡ።

ሁለት ዓመት ካገለገሉ በኋላ መነኰሱ፤ ስማቸውም ጽጌ ማርያም ተባለ። ጫማቸውን አወለቁ፤ በጭቃ መደብ ላይ ተኙ፤ አሥር ዓመት ያህል በጸሎትና በሥራ ኖሩ። ፒያኖ የሚባል ነገር በዚያ አልነበረም። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሠሩ የነበሩ ጣቶች ከመሣሪያቸው ተለዩ።

ይህን ዓይነት ዝምታ በሌላው ዓለምም እናገኛለን። ቻይናዊው ፒያኒስት ሊዩ ሺኩን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 በሞስኮ በተደረገው የመጀመሪያው የቻይኮቭስኪ ውድድር ላይ፣ አሜሪካዊው ቫን ክላይበርን አንደኛ ሲወጣ፣ ከአንድ የሶቪየት ፒያኒስት ጋር ሁለተኛነቱን ተካፍሎ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የባህል አብዮት በተነሣ ጊዜ ግን ታሰረ፤ ክንዱ በዱላ ተጐዳ፤ ስድስት ዓመት ያህል ያለ ፒያኖ ቆየ፤ ከተፈታም በኋላ እንደገና ለሕዝብ መጫወት ጀመረ። የሊዩ ዝምታ የእስር ነው፤ የእማሆይ ግን ከተከለከሉ በኋላ ራሳቸው የመረጡት ነው። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ጣት ቢዝም ጆሮ ሥራውን አያቆምም። እማሆይ በእነዚያ ዓመታት ሌሊትና ቀን የሰሙት የማኅሌቱን ዜማና የደገኛውን ሕዝብ እንጉርጉሮ ነበር።

የቆሎ ተማሪዎቹ

እማሆይ ከግሸን ከወረዱ በኋላ ወደ ፒያኖ ተመለሱ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ወደ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ማጥናት ጀመሩ። ወደ ትምህርቱ ሲመላለሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አጠገብ ውጭ የሚያድሩ ወጣቶችን አዩ። ምዕራቡን የወሎ ደጋ፣ ቦረናንና ሳይንትን ለሚያውቅ አንባቢ እነዚህ እንግዶች አይደሉም። የቆሎ ተማሪዎች ናቸው፤ ለቅኔና ለዜማ ሲሉ ከወላጅ ተለይተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው የሚለምኑ።

መነኵሲቷ ልባቸው ተነካ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ሙዚቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሙዚቃውን ለመስጠት ቈረጡ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ርዳታ የራሳቸው ድርሰቶች በጀርመን አገር በሸክላ ታተሙ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች ትምህርት ሆነ። ከዚያም በኋላ የወጡት ሸክላዎች በጦርነት አባታቸውን ላጡ ልጆች ማሳደጊያ ዋሉ። በለንደን የታላቅ አዳራሽ ፒያኒስት ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት ሴት፣ ሸክላ ያሳተሙት ለራሳቸው ዝና አልነበረም። የትምህርት ዕድል የተነፈገች ልጅ አድጋ ለሌሎች የትምህርት ዕድል ሰጪ ሆነች።

ሙዚቃው እንዴት ያለ ነው?

የእማሆይን ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁለት ነገር በአንድነት ይሰማል። ግራ እጃቸው የአውሮፓን የፒያኖ ትምህርት ያልረሳ፣ በዝግታ የሚመላለስ ነው። ቀኝ እጃቸው ግን ወሎኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የቆሙ ሲሆኑ፣ መሰንቆ መቺ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ጣቱን እያንሸራተተ ያስለቅሳቸዋል። ፒያኖ ግን መንሸራተት አይችልም፤ 88ቱ መምቻዎች እያንዳንዳቸው የተወሰነ ድምፅ ብቻ ይሰጣሉ። እማሆይ ይህን ችግር ያሸነፉት ከዋናው ድምፅ በፊት ትንንሽ ድምፆችን በፍጥነት በመበተን ነው፤ ጆሮም መሰንቆ የሰማ ይመስለዋል። ጊዜውም እንደ ሰልፍ ሙዚቃ የተቈጠረ አይደለም፤ ዜማ እንደሚያዜም መርጌታ ትንፋሽ በጠየቀበት ይቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል።

አርእስቶቹም ሕይወታቸውን ይናገራሉ። አንዱ ቤት ስለሌለው ተንከራታች ነው፤ ሌላው ስለ እናት ፍቅር፤ ሌላው ስለ አገር ናፍቆት፤ ሌላው ስለ ነፋስ። የቦረና ደጋ ቁልቁል የሚያየው ዓባይም አልቀረም፤ ስለ እርሱም የደረሱት የፒያኖ ዜማ አለ።

በኢየሩሳሌም

በደርግ ዘመን እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1984፣ እማሆይ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት የኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። መኖሪያቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ፒያኖም ነበረባት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 21ኛው ክፍል የእርሳቸው ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር፤ ዓለም በሰፊው ያወቃቸውም ከዚያ ወዲህ ነው። በ2013 ድርሰቶቻቸው በኖታ ተጽፈው በመጽሐፍ ታተሙ፤ ዜማዎቻቸውም በውጭ አገር ፊልሞች ገቡ። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ድርጅትም ችግረኛ ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ ነው። እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

የፊርማው ነገር

የዚህን ታሪክ ትምህርት በችኰላ የሚወስድ ሰው «መከልከላቸው በጀ፤ ለንደን ቢሄዱ ኖሮ እንደ ሌላው አውሮፓዊ ፒያኒስት ሆነው ይቀሩ ነበር» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ለከልካዩ ምክንያት መስጠት ነው። ለንደን የሄደ ሁሉ ቅኝቱን አይረሳም። አቶ ግርማ ይፍራሸዋን እንመልከት፤ በልጅነታቸው ክራር ይመቱ ነበር፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምረው ወደ ቡልጋሪያ ሶፊያ የመሄድ ዕድል አገኙ። ተመልሰውም በያሬድ አስተማሩ፤ የሾፐንን ድርሰት ከሚጫወቱበት ፒያኖ ላይ ያገራቸውን ዜማ ያሰማሉ። በሩ ሲከፈትም መልካም ፍሬ እንደሚገኝ ከዚህ ይታያል።

የእማሆይ ሕይወት ያፈራው በሩ በመዘጋቱ አይደለም፤ በሩ ተዘግቶም በመሥራታቸው ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል። ከእርሳቸው ጋር እኩል ተሰጥዎ ኖሯቸው፣ የእርሳቸውን ጽናት ግን ያላገኙ ስንቶች በዝምታ ቀርተዋል? እነርሱን የሚቈጥራቸው የለም፤ ሸክላቸውም አልታተመም።

ስለዚህ ለተማሪው የሚባለው ይህ ነው፤ ያሰብኸው ዕድል ቢቀር የተማርኸው አብሮህ አለ፤ በቅርብ ያለውን ዜማ አድምጥ፣ ለሌላ ሰው የሚጠቅምበትንም መንገድ ፈልግ። ለጀማሪው ጸሐፊ ደግሞ የሚባለው ሌላ ነው። ዛሬ የሌላውን ሰው ማመልከቻ በመዝገብ የምታስገባው አንተ ነህ፤ ነገ ደግሞ ፊርማው ያንተ ይሆናል። በጠረጴዛህ ላይ ያለው ወረቀት የአንድ ሰው ዘጠኝ ሰዓት፣ የብዙ ዓመት ቀን በቀን ልፋት ሊሆን ስለሚችል፣ አቧራ ሳይጠጣ ዛሬውኑ አንብበው።