የቡድን ሕክምና፡ ሸክምን የመካፈል ሙያ

ከጋምቤላ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የሚገኘው የጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የተከፈተው በመጋቢት ወር 2007 ዓ.ም ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ስደተኞች በመጀመሪያ ካረፉባቸው መጠለያዎች መካከል ሌችዎርና ኒፕኒፕ በዚያው ዓመት ክረምት በጎርፍ በመጥለቅለቃቸው፣ ነዋሪዎቹን ወደ ተሻለ ሥፍራ ማዛወር ግድ ሆነ። ጀዊ የተመረጠው ለዚሁ ዓላማ ነበር።

በዚህም ምክንያት ከሌችዎርና ከኒፕኒፕ ወደ ጀዊ የመጡት ወገኖች የተፈናቀሉት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ በጦርነት፣ ቀጥሎም በውኃ ካረፉበት ተነስተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕዝብ ምግብ፣ ውኃና መጠለያ ማቅረብ የመጀመሪያው ተግባር መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ራሽን ተቀብላ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት እህሉን ለማብሰል እንኳ ጉልበትና ፍላጎት ካጣች፣ የቀረበው እርዳታ ግቡን መታ ለማለት ያዳግታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ግምት እንደሚያመለክተው፣ ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የድብርት፣ የጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለበት። ይህን ያህል ሰው በአንድ ለአንድ ምክር ብቻ ማስተናገድ አይቻልም። የአእምሮ ጤና ነርሶች የቡድን ሕክምናን እንደ አንድ ዋነኛ መሣሪያ የሚጠቀሙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። እርዳታ የሚሹ 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው ስምንት ጊዜ ለአንድ አንድ ሰዓት ከነርስ ጋር ለብቻቸው ቢገናኙ 8,000 የሥራ ሰዓት ያስፈልጋል። ይህም የአንዲት ነርስ የአራት ዓመት ያህል ሥራ ነው። እነዚሁ ሰዎች ስምንት ስምንት ሆነው በ125 ቡድኖች ቢደራጁና እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢገናኝ 1,500 ሰዓት ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር አስቀድሞ ለሚደረገው የግል ውይይት 1,000 ሰዓት ቢጨመርበት እንኳ ድምሩ 2,500 ነው።

የቡድን ሕክምና ተመራጭ የሚሆነው ግን ጊዜ ስለሚቆጥብ ብቻ አይደለም። ቡድኑ ራሱ መድኃኒት በመሆኑ ጭምር ነው።

ቡድን እንዴት ይፈውሳል?

በሕክምና ታሪክ የዚህ አሠራር ጅማሮ ተደርጎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ፕራት እ.ኤ.አ. በ1905 በቦስተን ከተማ ድሃ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በየጊዜው በአንድነት እየሰበሰቡ ማስተማራቸው ነው። ሕሙማኑ ስለ በሽታው ከሚሰጣቸው ትምህርት ባሻገር እርስ በርስ መተያየታቸው ብርታት እንደሚሰጣቸው ሐኪሙ ተገነዘቡ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኢርቪን ያሎም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ቡድን የሚፈውስባቸውን መንገዶች ለይተው አስቀምጠዋል። ከእነዚህም መካከል ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም ብሎ መረዳት፣ የሌላውን መሻል አይቶ ተስፋ ማድረግ፣ ሌላውን በመርዳት የራስን ዋጋ መልሶ ማግኘት እና የአንድ ቡድን አባል የመሆን ስሜት ይገኙበታል።

ለአብነት ያህል፣ ባሏን በጦርነት ያጣችና ከሰው የራቀች አንዲት እናት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ ቀን ውኃ ወደሚቀዳበት ሥፍራ መሄድ ትታለች፤ ይህንንም ስንፍና ወይም እርግማን አድርጋ ትቆጥረዋለች። ነርሷ "ይህ ድብርት የሚባል ሕመም ነው፤ ይድናል" ብትላት ላታምናት ትችላለች። አጠገቧ የተቀመጠች ሌላ ባል የሞተባት ሴት "እኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ ከጎረቤቴ ጋር ውኃ መቅዳት ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፌ ተመለሰ" ስትላት ግን የምትሰማው ከአንድ የደረሰበትን ከሚያውቅ ሰው ነው። ተናጋሪዋም ብትሆን ለዓመታት እርዳታ ተቀባይ ሆና ከቆየች በኋላ ረጂ ሆና ትገኛለች።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚለው የአገራችን ብሂል የቡድን ሕክምናን ምንነት በአጭሩ ይገልጸዋል። ሐዘንተኛን ለብቻው አለመተውም ለኅብረተሰባችን አዲስ ነገር አይደለም። የቡድን ሕክምናን ከለቅሶ ቤትና ከቡና ላይ ጨዋታ የሚለየው በተወሰኑ ሰዎች፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በሠለጠነ መሪና በታወቀ ሥርዓት የሚካሄድ መሆኑ ነው።

ከመጀመሪያው እስከ ስምንተኛው ቀን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለድብርት ሕመም ያሳተመው የቡድን ሕክምና መመሪያ ለአሠራሩ ጥሩ ማሳያ ነው። በመመሪያው መሠረት አንድ ቡድን ከ6 እስከ 10 አባላት ይኖሩታል፤ ለስምንት ሳምንታትም በሳምንት አንድ ጊዜ ይገናኛል።

ሥራው የሚጀምረው ከቡድኑ በፊት ነው። ነርሷ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ታነጋግራለች፤ የሕመሙን ክብደት ትመዝናለች፤ ድብርቱ ከምን ጋር እንደተያያዘም አብራ ትለያለች። መመሪያው አራት መነሻዎችን ያስቀምጣል። እነዚህም የሚወዱትን ሰው በሞት ማጣት፣ ከቅርብ ሰው ጋር አለመግባባት፣ የኑሮ መለወጥ እና ብቸኝነት ናቸው። አገር ጥሎ መሰደድ ከኑሮ መለወጥ የሚመደብ ሲሆን፣ በመጠለያ ውስጥ ግን አራቱም በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ።

በመጀመሪያው የቡድን ስብስብ አባላቱ ይተዋወቃሉ፤ ደንባቸውንም ራሳቸው ያጸድቃሉ። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፤ ሰዓት ይከበራል፤ ማንም አይሰደብም፤ መናገር ያልፈለገ ዝም ማለት ይችላል። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ባሉት ሳምንታት እያንዳንዱ አባል ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ስሜቱ የከፋው ወይም የተሻለው ምን በተፈጠረ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። ሌሎቹም ሊሞከር የሚችል ነገር ይጠቁማሉ። አባሉ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ በሳምንቱ ውስጥ ይሞክረዋል፤ ውጤቱንም በሚቀጥለው ጊዜ ያካፍላል። በስምንተኛው ሳምንት አባላቱ የተገኘውን ለውጥ ይገመግማሉ፤ ሕመሙ ተመልሶ ቢመጣ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑና ወደ ማን እንደሚሄዱ ተነጋግረው ይሰነባበታሉ። ብዙ ሰው ሳይሰናበት ለተለየባቸው ወገኖች ይህ በወጉ የሚደረግ ስንብት ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

የነርሷ ድርሻ

ነርሷ በቡድኑ ውስጥ አስተማሪ ወይም ሰብሳቢ አይደለችም። ከሌሎቹ ጋር እኩል በክቡ ውስጥ ትቀመጣለች። ብዙ የሚናገረውን በአክብሮት ትገታለች፤ ዝም ያለውን ሳታስገድድ ትጋብዛለች፤ የአንዱን ንግግር ከሌላው ጋር ታገናኛለች። አንድ አባል ሲያለቅስ ፈጥና ወሬ አትቀይርም፤ ቡድኑ ሐዘኑን ተሸክሞ እንዲቆይ ትረዳለች።

ከዚህ ጎን ለጎን ክሊኒካዊ ኃላፊነቷ አይቋረጥም። ዘጠኝ ጥያቄዎች ባሉት የድብርት መለኪያ የእያንዳንዱን አባል ለውጥ ትከታተላለች። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን የማጥፋት ሐሳብን የሚመለከት በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ ሥጋት የታየበት ሰው በዚያው ዕለት ለብቻው ይታያል። ከእውነታ የመለያየት ምልክት ያለበት ወይም ሕመሙ የጠናበት ሰውም በመጀመሪያ መድኃኒትና የቅርብ ክትትል ያሻዋል እንጂ ወደ ቡድን አይገባም።

በጀዊ ከሚኖሩት ስደተኞች አብዛኞቹ የኑዌር ተወላጆች ናቸው። ቋንቋውን የማትናገር ነርስ በአስተርጓሚ ለመሥራት ትገደዳለች። አስተርጓሚው ቃል በቃል እንዲያስተላልፍ፣ የራሱን ምክር እንዳይጨምርና ምስጢር እንዲጠብቅ መሠልጠን አለበት። የተሻለው መፍትሔ ግን የኑዌር ሕዝብ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖር መሆኑን በመጠቀም ቋንቋውን የሚናገሩ የክልሉን ነርሶች ማሠልጠንና ከስደተኞቹ መካከል ረዳት መሪዎችን ማብቃት ነው። በአገራችን የአእምሮ ጤና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል ሲሆን፣ ሙያው ከዋና ከተማዋ ርቆ እንዲሠራጭ መሠረቱ የተጣለው በዚሁ ነው።

ውጤቱ በጥናት ሲታይ

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮች የተካሄደውን የቡድን ሕክምና ውጤት አቅርቧል። ቡድኖቹ ለ16 ሳምንታት የተገናኙ ሲሆን፣ የመሯቸውም አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ከሕክምናው በፊት በቡድን ከተካፈሉት መካከል 86 በመቶ የሚሆኑት የድብርት ሕመም ነበረባቸው፤ ከሕክምናው በኋላ ቁጥሩ ወደ 6.5 በመቶ ወርዷል። በንጽጽር ከታዩት፣ ሕክምናውን ካላገኙት መንደሮች ነዋሪዎች መካከል ግን 54.7 በመቶ የሚሆኑት ከሕመሙ አልተላቀቁም ነበር።

ለጀዊ ይበልጥ የሚቀርበው በኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ በ694 ደቡብ ሱዳናውያን ሴት ስደተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ነው። በዚህ አሠራር ሴቶቹ ከ20 እስከ 30 እየሆኑ ለአምስት ጊዜ በመሰብሰብ፣ በድምፅ የተቀረጸ ትምህርትና በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍ በመጠቀም ጭንቀትን የመቋቋም ስልት ተምረዋል። ከሦስት ወር በኋላ በተደረገው ልኬት የተሳታፊዎቹ ጭንቀት ካልተሳተፉት ጋር ሲነጻጸር ቀንሶ ተገኝቷል። በጋምቤላ ክልልም የማሰቃየት ድርጊት ሰለባዎችን የሚረዳ አንድ ዓለም አቀፍ ማዕከል በንጉኝየል መጠለያ የቡድን ምክር አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል።

ሁለቱ የኡጋንዳ አሠራሮች የተለያዩ ናቸው። አነስተኛው ቡድን የእያንዳንዱን ሰው ችግር ጠለቅ ብሎ ይመለከታል፤ ሰፊው ቡድን ደግሞ ለብዙዎች የሚጠቅም ስልት ያስተምራል። አንዱን በሌላው ስም መጥራትና የስምንት ሰዎችን ሕክምና ለሰላሳ ሰው ማድረግ ሁለቱንም ያበላሻል።

ሊጤኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

የቡድን ሕክምና በአግባቡ ካልተመራ ሊጎዳ ይችላል። ሰዎች የደረሰባቸውን መከራ በአንድ ቀን ዘርዝረው እንዲናገሩ መገፋፋት የዓለም ጤና ድርጅት የማይደግፈው አሠራር ነው። በመጠለያ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚተዋወቅ ምስጢር ከወጣ ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው፤ በተለይም ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች። በመሆኑም ሴቶችና ወንዶች በየራሳቸው ቡድን እንዲገናኙ ማድረግ፣ የሚጋጩ ወገኖችንም ሳያውቁ በአንድ ክብ አለማስቀመጥ ተገቢ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያም ድጋፉን በአራት ደረጃ ሲያስቀምጥ ከሥር መሠረት ያደረገው የዕለት ፍላጎትንና ደኅንነትን ነው። ራሽን በተቋረጠበት ሳምንት ስለ እንቅልፍ ማጣት ብቻ መወያየት እንደማይቻል ማንም ይረዳዋል።

ከሥራ ኃላፊዎች የሚጠበቀው

በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ስደተኞች በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት አላቸው። ይህን መብት በተግባር ለማዋል የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ የክልሉ ጤና ቢሮና አጋር ድርጅቶች በቅንጅት መሥራት ይኖርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ እርዳታ ገንዘብ በእጅጉ በመቀነሱ፣ በአነስተኛ ወጪ ብዙዎችን የሚደርስ አገልግሎት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ብዙ አይደለም። በሩ የሚዘጋና ከውጭ የማይሰማ አንድ ክፍል፣ ከ8 እስከ 10 መቀመጫ፣ በሳምንት ውስጥ የማይነካ አንድ ቋሚ ሰዓት፣ የሠለጠነ አስተርጓሚ እና ነርሷ ሥራዋን በየጊዜው የምትመካከርበት የበላይ ባለሙያ ይበቃል። የሪፈራል መንገድም አስቀድሞ ሊዘረጋ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን የሪፖርት አሠራሩ ሊታረም ይገባል። የቡድን ሕክምና ተራ ስብሰባ አይደለም። በየወሩ የተሰብሳቢዎች ብዛት ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ነርሷ ስምንቱን ሰው ሠላሳ ለማድረግ፣ ስምንቱን ሳምንት ደግሞ ወደ ሁለት ለማሳጠር መገደዷ አይቀርም። ያን ጊዜ ቁጥሩ ያድጋል፤ ሕክምናው ግን ይቀራል። ሊጠየቅ የሚገባው ከጀመሩት ስንቱ እንደጨረሱ፣ ሲጀምሩና ሲጨርሱ የተለካው የሕመም ደረጃ ምን ያህል እንደቀነሰ፣ ያቋረጡትም ለምን እንዳቋረጡ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሁለት ጊዜ የተፈናቀለ ወገን ሕመሙን ሳይደብቅ እንዲናገር የሚያስችለው በሩ የተዘጋ አንድ ክፍል፣ የሚያምናቸው ጥቂት ሰዎችና ለማዳመጥ የሠለጠነች አንዲት ነርስ መኖራቸው ነው። ክፍሉ እንዳይከፈትባቸው፣ ሰዓቱም እንዳይወሰድባቸው መጠበቅ የአስተዳደሩ ድርሻ ይሆናል።