ቡችላው ልጆቹን በክብደት ሲቀድም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሰን የግቢያችንን በር ስንከፍት፣ የስምንት ወሩ ውሻችን ድብ እንደ ልማዱ ከጓሮ እየጋለበ መጣ። የሦስት ዓመቷ ልጃችንም «አባዬ!» እያለች ከበረንዳው ወደ ደረጃው ትሮጥ ነበር። ሁለቱም ሊቀበሉን ነው የሚሮጡት፤ የተገናኙት ግን እኛ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት ነው። ሕፃኗ በደረጃው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ወድቃ ቅንድቧ ተሰነጠቀ፤ ሦስት ቦታም ተሰፋ። ውሻው በበኩሉ ጅራቱን እየቆላ ፊቷን ሊልስ ይታገል ነበር።

ማታ አያቷ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ልጄ፣ ትልቅ ውሻ ከሕፃን ጋር አይኖርም ብዬ ነበር። ነገውኑ ከዚህ ግቢ ይውጣ!» የምንመልሰው አጣን።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያቺ ምሽት ናት። ነገሩን ረጋ ብለን ስናስበው ግን ውሻው አዲስ ነገር አላደረገም። የሁለት ወር ቡችላ ሆኖ ሲመጣም እንዲሁ እየሮጠ እግራችን ላይ ይወጣ፣ የልጆቹን ልብስ ይዞ ይንጠላጠል ነበር። ያኔ ሁላችንም እየሳቅን እናጨበጭብለት ነበር። ጠባዩ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠነ ቁሱ ነው።

ለዚህ ማስረጃው በእጃችን ነበር። ቡችላው ከመጣ ጀምሮ ከታላቁ ልጃችን ጋር አንድ ደብተር ይዘናል። በየእሑዱ ውሻውን ታቅፈን ሚዛን ላይ እንቆማለን፤ ቀጥሎም ብቻችንን እንቆማለን፤ ልጁ ልዩነቱን ቀንሶ ይጽፋል። በሁለት ወሩ 8፣ በአራት ወሩ 16፣ በስድስት ወሩ 24፣ በስምንት ወሩ 28 ኪሎ ግራም ይላል ደብተሩ። በዚያው ገጽ የልጆቹም ክብደት ሰፍሯል፤ የትንሿ 14፣ የታላቁ 20 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በነዚያ ስድስት ወራት የነርሱ ቁጥር ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ይህን በግራፍ ወረቀት ላይ የሚሥል ተማሪ፣ የውሻው መሥመር የሕፃኗን መሥመር አራት ወር ሳይሞላው፣ የወንድሟን ደግሞ በአምስተኛው ወር ገደማ ሲያቋርጥ ያገኛል። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ካሉት ሕፃናት ሁሉ ከባዱ ውሻው ነው። ፊዚክስ እያስተማርን ይህን ግራፍ አለማንበባችን ዛሬም ያሳፍረናል።

እስቲ እናስላ። የአንድ አካል ሞመንተም የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ብዜት ነው። 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቡችላ በሴኮንድ 2 ሜትር እየሮጠ 14 ኪሎ ግራም ከምትመዝን የቆመች ሕፃን ጋር ቢጋጭና ሁለቱ አብረው ቢንቀሳቀሱ፣ የጋራ ፍጥነታቸው 16 ለ22 ሲካፈል፣ ማለትም በሴኮንድ 0.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ሕፃኗ ትንገዳገዳለች፣ ትስቃለች። አሁን በ8 ፈንታ 28 ኪሎ ግራም፣ በ2 ፈንታ ደግሞ በሴኮንድ 5 ሜትር እናድርገው። 140 ለ42 ሲካፈል በሴኮንድ 3.3 ሜትር፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የውሻው የእንቅስቃሴ ኃይል ከ16 ጁል ወደ 350 ጁል፣ ወደ ሃያ ሁለት እጥፍ ገደማ አድጓል። በዚህ ላይ ስበት አለ፤ ከ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ጭንቅላት መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.2 ሜትር ነው። አንዲት ሕፃን በራሷ ስትወድቅ ብዙውን ጊዜ እጇን ታስቀድማለች፤ ከጎን ተመትታ ስትወድቅ ግን ለዚህ ጊዜ አታገኝም። በስሌቱ ውስጥ «ክፉ ውሻ» የሚባል ተለዋዋጭ እንደሌለ ልብ ይሏል።

መጠን ሲለወጥ ሌላውም ነገር አብሮ እንደሚለወጥ ቀድሞ ያስረዳን ጋሊሊዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1638 ላይደን ከተማ በታተመው መጽሐፉ፣ ሁለት አጥንቶችን ጎን ለጎን ሥሎ፣ ግዙፍ እንስሳ የትንሹን እንስሳ አጥንት በቅርጹ እንዳለ አጉልቶ ሊጠቀምበት እንደማይችል አሳየ። ርዝመት እጥፍ ሲሆን ክብደት ስምንት እጥፍ፣ የአጥንቱ የመስቀለኛ ቁራጭ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። ድብ ከ8 ወደ 28 ኪሎ ግራም ሲያድግ ቅርጹ ባይለወጥ ኖሮ፣ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር አጥንት ላይ የሚያርፈው ጫና በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨምር ነበር። ይህን ሸክም የሚቀበለው ደግሞ ገና ያልጠና አጥንት ነው። በትልልቅ ዝርያዎች በአጥንት ጫፍ አካባቢ ያለው የእድገት ንጣፍ የሚደነድነው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያው ድረስ ከከፍታ ማዘለልና በብስክሌት ጀርባ አስከትሎ ረጅም መንገድ ማስሮጥ ጉዳት አለው። በእኛ ቤት ልጆቹ እንደ ፈረስ ሊጋልቡት ይሞክሩ ነበር፤ ይህም ቀርቷል።

ሁለተኛው ስሕተታችን ከዚሁ ይመነጫል። «ትልቅ ውሻ ትልቅ አጥንት ይፈልጋል» የሚለውን ምክር ሰምተን የካልሲየም እንክብል እየፈጨን ከምግቡ ጋር እንቀላቅልለት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። የትልልቅ ዝርያ ቡችላ ከምግቡ ወደ ደሙ የሚገባውን ካልሲየም እንደ አዋቂ ውሻ መገደብ አይችልም፤ የበዛው ሁሉ ይገባል፣ የአጥንቱንም አበቃቀል ያዛባል። ኔዘርላንድ ውስጥ በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ማወፈርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ የረጅም ዘመን ጥናት፣ አርባ ስምንት የላብራዶር ውሾች ከስምንት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ በጥንድ ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከጥንዱ በሩብ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። ትንሽ የበሉት አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት፣ ሌሎቹ 11.2 ዓመት ሆነ፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመምም በጥቂት በዮቹ ላይ አነሰ። ልጆች በሚኖሩበት ቤት ይህን መጠበቅ እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከማዕዱ ሥር የሚወድቀው እንጀራ በደብተራችን አልተመዘገበም።

የአካሉ ይህን ያህል ከሆነ የጠባዩስ? በአገራችን ልማድ ቡችላ ገና ሲገባ ጓሮ ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል፤ «ኃይለኛ እንዲሆን» ነው ምክንያቱ። ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት ግን፣ ቡችላ ከሰው ጋር የሚዛመድበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው አጭር ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ በሰንሰለት ያሳለፈ ውሻ የሕፃን ሩጫና ጩኸት ያስፈራዋል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ሌባውን ይለያል ተብሎ የታሰረው፣ በሩን ከፍታ የገባችውን የቤቱን ልጅም ላይለይ ይችላል። ለዶክትሬት ጥናት ጀርመን በቆየንባቸው ዓመታት ሰዎች ቡችላቸውን ይዘው ወደ «ውሻ ትምህርት ቤት» ሲሄዱ እያየን እንስቅ ነበር። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዝርያ ከዚያው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ማኅበሩን ባቋቋመው በማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ እጅ፣ በጎች እንዲጠብቅ ተመርጦ የተራባ ነው። የሮጠውን ሁሉ ተከትሎ መክበብ በደሙ አለ፤ የሚሮጡ ልጆችንም እንደ በግ ቢቆጥራቸው አይፈረድበትም።

አሁን ቀልድ ወደማያውቀው ነገር እንለፍ። ድብ በአሥረኛ ሳምንቱ በጨዋታ መካከል የልጃችንን እጅ በጥርሱ ጫረ። ገና አልተከተበም ነበር፤ በአጥራችን ቀዳዳ የመንገድ ውሾች አፍንጫቸውን እያስገቡ ያሸትቱታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ያሳያል፤ በበሽታው ከተጠረጠሩ እንስሳት ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች መካከል አርባ በመቶው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ናቸው። የመጀመሪያው እርምጃ ሳሙና ነው። ቫይረሱ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ ሳሙና ሽፋኑን ያፈርሰዋል፤ ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል። አሥራ አምስት ደቂቃ ለሚያለቅስ ሕፃን ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ሰዓት እያየን ተምረናል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ የሚባክነው ቀን የማይመለስ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 የዘጠኝ ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳነ ወዲህ፣ ይህ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት የሚከለከል ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ጉለሌ ያለውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ብሎ የሚጠራውም በዚሁ ሊቅ ስም ተቋቁሞ ስለነበር ነው። ልጃችን ክትባቷን ጨረሰች፤ ድብም በሦስት ወሩ ተከተበ፣ የአጥሩም ቀዳዳ ተደፈነ።

ወደ አያትየው ፍርድ እንመለስ። ውሻው አልወጣም፤ ይሁን እንጂ ትእዛዛቸው ባዶ አልቀረም። በረንዳው በሽቦ በር ተለየ። ከልጆቹ ጋር ያለ አዋቂ ለአንዲት ደቂቃም አይቀርም፤ ሲበላና ሲተኛ አይነካም፤ ቢያጉረመርም አይመታም፣ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነውና፤ በዱላ ዝም ያሰኙት ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። የግቢውም በር የሚከፈተው እርሱ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ዘሎ ሲንጠላጠል ጀርባችንን እንሰጠዋለን፤ አራት እግሩ መሬት ላይ ሲሆን እንዳብሰዋለን። በሁለት ሳምንት ይለምደዋል ብለን ነበር፤ ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ ዘበኛችን በስውር እያቀፉት ኖሯልና። አሁን «ተቀመጥ!» ብለው በአንድ ቃል የሚያስቀምጡት አያትየው ናቸው፤ እኛ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም አለብን።

ድብ አሥራ አንድ ወር ሞላው። ባለፈው እሑድ ታቅፈነው ሚዛን ላይ መቆም አቃተን። ታላቁ ልጃችን ከጎረቤት ሌላ ሚዛን ተውሶ መጣና የፊት እግሮቹን በአንዱ፣ የኋላዎቹን በሌላው ላይ እናቁም አለ። የፊቱ 20፣ የኋላው 13 አነበበ። ልጁ 33 ብሎ ጻፈና፣ የፊቱ ለምን እንደሚበልጥ ጠየቀን።