«ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ለማን ነው?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ሐሳቡ ያማረ፣ መፈጸሚያው ግን ለማይታወቅ ሰው ነው። ውሸታም ማለት አይደለም፤ ሰውየው ከልቡ ያምናል። የጎደለው ላሟ ዘንድ መድረሻው ነው። እንደ ቆቦና ራያ ቆላ ባለ ከብት አርቢ አገር ይህ ቀላል ነቀፋ አይደለም።

ከዚህ ተረት ይልቅ «ሕልመኛ» ለዘብ ይላል፤ አንዳንዴም ምስጋና ይሆናል። «ዩቶፒያ» የመጻሕፍት ቃል ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 እ.ኤ.አ. ላሳተመው መጽሐፍ ከግሪክ የፈጠረው ስም ሲሆን፣ «የትም የሌለ ቦታ» እንደ ማለት ነው። በአብዮቱ ዘመን የቁስ አካላዊነት ተቃራኒ ተደርጎ ይነሳ የነበረው «ሃሳባዊነት» ግን የፍልስፍና ቃል ነውና ከዚህ ጋር ባይደባለቅ ይሻላል።

ተረቱ ያለቦታው የሚገባው አስቸጋሪውን ሁሉ የማይሆን ስናደርገው ነው። የቆቦን ገበሬ እንይ። ሜዳው ዝናብ ያጥረዋል፤ ክረምት ላይ ግን በምዕራብ ካለው ደጋ ጎርፍ ይወርዳል። ገበሬው በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመልሰዋል። ኃይለኛ ጎርፍ ከመጣ ጠለፋውን ጠርጎት ይሄዳል፤ ከጎረቤት ጋር ወጥቶ እንደገና መሥራት ነው። ሌላ አገር የጣለ ዝናብ እኔን ያጠግበኛል ማለት ለሩቅ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይመስላል። ቦዩን ለቆፈረ ግን አይደለም።

«መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክርም እንዲሁ ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ይዘውት ሲወጡ የባለርስቱን ጉልበት ለሚያውቅ ሰው የልጅ ምኞት ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነበት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ዐሥር ዓመት ብቻ! (አራሹ የባለቤትነት መብት አገኘ ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላባራም።) ፎገራ ላይ በ1964 ዓ.ም. የአውራ አምባን ማኅበረሰብ የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ደግሞ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል በማለታቸው እንደ እብድ ታይተዋል። ማኅበረሰቡ ግን እንደዚያው እየኖረ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ተረቱ በእኩያ መካከል ወይም ሰውየው በሌለበት ይነገራል፤ ለታላቅ ፊት ለፊት አይባልም። ለጋሽዬ ወይም ለእትዬ «ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ከየት እንጀምረው?» ቢሏቸው ያው ጥርጣሬ ይደርሳቸዋል፣ ማንም አይቀየምም።